ማጀቱ ይጨሳል፣ ልጁ ያስላል፣ የምትወቀሰው እናት ናት

መነሻ ጽሑፍ

በወሎ ደጋ፣ ደላንታ፣ ለጋምቦ፣ መቄት ወይም ኩታበር ያደገ ሰው ቤቱን ያውቀዋል። አንድ ክፍል ነው። እዚያው ይጋገራል፣ እዚያው ይተኛል፣ ማታ ጥጃውም እዚያው ይገባል። ደኑ ካለቀ ቆይቷል። የሚነደው ኩበት ነው፤ ሲገኝ ደግሞ የባህር ዛፍ ጭራሮና ቅጠል። መስኮት የለም፤ ካለም በክረምት በጨርቅ ይወተፋል። እናት ልጇን አዝላ ምጣዱ ላይ ታጎነብሳለች። የእሷ ዓይን ያነባል፣ የልጁ ደረት ሲር ሲር ይላል።

ልጁ ሲያስል ጎረቤት ብርድ አስመታሽው ይላታል። ጤና ጣቢያ ስትደርስ ደግሞ ለምን ጭስ ውስጥ ታስቀምጪዋለሽ ተብላ ትቆጣለች። የሁለቱም ጣት የሚቀሰረው እሷ ላይ ነው። ቤቱን የሠራው ግን ሌላ ሰው ነው፤ ብሩን የያዘውም ሌላ ሰው ነው። ጭሱ የቤቱ ነው፤ የእናትየዋ ጥፋት አይደለም። ይህን ስል ከልቤ ነው።

ነገሩ ቀላል አይደለም። በዓለም ጤና ድርጅት ግምት በፈረንጆቹ 2020 ብቻ ከቤት ውስጥ ጭስ ጋር በተያያዘ በዓለም ዙሪያ 3.2 ሚሊዮን ሰው ሞቷል። ከነዚህ ውስጥ ከ237,000 በላይ የሚሆኑት አምስት ዓመት ያልሞላቸው ልጆች ናቸው። ስለዚህ እዚህ የውይይት መድረክ ላይ ያላችሁትን ሁሉ፣ በተለይ ወንዶቹን ጠየቅኩ። ቤታችሁ ውስጥ ጭስ የቀነሳችሁ ካላችሁ በምን ቀነሳችሁ? ወጪውንስ ማን ቻለው?

መልሱ ከጠበቅኩት በላይ በዛ። ዛሬ ለሚገባ ሰው ሁሉን ማንበብ ይከብደዋል። በየቁጥሩ ምን እንደተባለ በራሴ አነጋገር ልንገራችሁ።

መልስ 1

ከሐይቅ የጻፈች እናት ናት። በሰላምታ ጀምራ በምርቃት ጨረሰች። የመጀመሪያ ልጇ እየተመላለሰ ሲታመምባት ምድጃውን አውጥታ ደጅ፣ ዳስ ሥር እንዳደረገችው ነገረችን። በበጋ ለውጡ በዓይን የሚታይ ነው። ክረምት ሲገባ ግን ዝናቡ ወደ ቤት ይመልሳታል። ዳሷን ለመክደን ሁለት ቆርቆሮ እንደሚበቃት፣ እሱን ግን እስካሁን እንዳላገኘች ጨመረች። ይህ የሁለት ቆርቆሮ ነገር ወደ ታች ተመልሶ ይመጣል።

መልስ 2

ከደሴ ነው፤ በትህትና ተቃወመኝ። የወሎ ደጋ ልጅ የሚያስለው በብርድ ነው ብሎ ያምናል። ማስረጃው ነሐሴ ነው። የጦሳ ተራራ በጉም ሲሸፈን ከተማው በሙሉ እንደሚያስል፣ ጭስ የማያውቅ ፎቅ ላይ የሚኖር ልጅም እንደማይቀርለት ጻፈ።

መልስ 3

ከሁሉም የበለጠ የጠቀመን ይህ ነው። የጻፈችው ጤና ጣቢያ የሕፃናት ክፍል ውስጥ የምትሠራ ነርስ ናት። መልስ 2ን በሙሉ አልጣለችውም። ሳንባ ምች የሚያመጣው ብርዱም ጭሱም ብቻውን እንዳልሆነ፣ ጀርም መሆኑን አስረዳች። ባክቴሪያ ሊሆን ይችላል፣ ቫይረስም ሊሆን ይችላል። ጭሱ የሚያደርገው የልጁን መከላከያ ማድከም ነው። መተንፈሻ ቱቦ ውስጥ አክታና ቆሻሻ ጠርገው የሚያወጡ ጥቃቅን ጸጉሮች አሉ፤ ጭስ ሥራቸውን ያውካል። ከጭሱ ውስጥ በጣም አደገኞቹ ብናኞች ከ2.5 ማይክሮን ያነሱት ናቸው። አንድ የራስ ጸጉር እንኳ በውፍረት 30 እጥፍ ያህል ይበልጣቸዋል። ስለዚህ አፍንጫ ላይ አይቀሩም፤ ሳንባው ጥግ ድረስ ይገባሉ።

ሕፃን ደግሞ ከአዋቂ ይልቅ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል። ቱቦው ጠባብ ነው፤ ሳንባው ገና እያደገ ነው። ጭስ ባለበት ቤት የሚያድግ ከአምስት ዓመት በታች ያለ ልጅ በሳንባ ምች የመያዝ ዕድሉ ወደ እጥፍ እንደሚጠጋ የዓለም ጤና ድርጅት የሚለውን ጠቀሰችልን። ከዚያ ወደ ነሐሴው ተመለሰች። ብርድ ሲመጣ በሩ ይዘጋል፣ እሳቱ ይበዛል፣ ሁሉም አንድ ክፍል ውስጥ ይታጎራል። ጀርሙም ጭሱም የሚበረቱት ያኔ ነው። ስለዚህ መልስ 2 ያየው ሳል እውነት ነው፤ ከጀርባው ያለውን ግን ሙሉውን አላየም። እሱም በመልስ 5 ገብቶ አመሰገናት። እንዲህ ያለ ጨዋነት ባየሁ ቁጥር ደስ ይለኛል።

መልስ 4

ከቃሉ ወረዳ የጻፉ፣ በዕድሜ የገፉ አባት ናቸው። ጭስ ጠላት ብቻ እንዳልሆነ አሳሰቡን። የሳር ክዳኑን ከምስጥና ከነቀዝ የሚጠብቀው ጭስ ነው። ለዘር የተመረጠው ማሽላ ከምድጃው በላይ የሚሰቀለውም ለዚሁ ነው። እሳቸውም እኩዮቻቸውም በጭስ አድገው ምንም እንዳልሆኑ አከሉ። ስለ ዘሩ ያሉት እውነት ነው፤ ቤታችንም እንደዚያ ነበር። ገበሬ ጭሱን ለምን እንደማይጠላው ያልገባው ሰው ገበሬውን ሊያሳምን አይችልም።

መልስ 6 እና 8

ነገሩ መክረር የጀመረው በመልስ 6 ነው። አንድ ወጣት፣ ምንም አልሆንንም የሚሉት የተረፉት ብቻ መሆናቸውን፣ የሞቱት እዚህ ገብተው ሊጽፉ እንደማይችሉ በቁጣ ጻፈ። እውነቱን ነው። ለአባት ግን እንደዚያ አይጻፍም ነበር። ሽማግሌው በመልስ 8 ተመለሱ፤ አልተቆጡም። እናታቸው ሁለት ጨቅላ መቅበራቸውን፣ በዚያ ዘመን ምች መታቸው ተብሎ እንደታለፈ ተናገሩ። ከዚያ በኋላ ስለ ዘርና ስለ ሳር ክዳን አላነሱም።

መልስ 7 እና 9

መልስ 7 መፍትሔው ከሰል ነው አለን። ከሰል አይጨስም፣ ዓይን አያስለቅስም፤ ደሴ ውስጥ ማታ ማታ ምድጃውን ወደ መኝታ ቤት አስገብቶ መሞቅ የተለመደ ነው። እዚህ ላይ ነርሷ በመልስ 9 መጣች፤ ቋንቋዋም እንደ መጀመሪያው ለስላሳ አልነበረም። ሰው የሚገድለው የከሰል ጭስ የማይታየው ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። ከሰሉ ፍም ከሆነ በኋላ ደህና ነው የሚባለውም ሐሰት ነው፤ ፍሙም ያወጣዋል። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ከዚያ እንቅልፍ። ሕፃን ራሴን አመመኝ አይልም፤ ዝም ብሎ ይደክማል። ከሰል አስገብቶ በር ዘግቶ መተኛት በምንም ምክንያት እንደማይደረግ፣ እንዲህ ያለ ምልክት ከታየ ሁሉም ሰው ወዲያው ደጅ ወጥቶ ንጹሕ አየር ካገኘ በኋላ ወደ ሕክምና መሄድ እንዳለበት ደጋግማ ጻፈች። እባካችሁ መልስ 9ን ለቤተሰቦቻችሁ በስልክ አንብቡላቸው።

ከመልስ 10 እስከ 13

እነዚህ ስለ ምድጃ ናቸው። አንዱ ከሲሚንቶ የሚሠራውን፣ «ምርጥ» የሚባለውን ምድጃ አወደሰ። ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲወዳደር እንጨቱን በግማሽ ያህል ይቀንሳል፤ እሳቱ የታጠረ ስለሆነ የጋጋሪዋ ፊትም አይቃጠልም። ላቀች የተባለችው የከሰል ምድጃም ከሰል እንደምትቆጥብ ጨመረ። መልስ 11 የምትለው ሌላ ነው። ምርጥ ምድጃ በዋናነት የሚያገለግለው ለእንጀራ ነው። ወጡም ቡናውም ተመልሶ ጉልቻው ላይ ነው፤ ጭሱም አብሮ ይመለሳል። ኩበት ስታነድበት ደግሞ አመዱ ቶሎ ቶሎ ይሞላባታል። መልስ 12 ምድጃውን በበቅሎ አስጭኖ ሽቅብ ሲወጣ እንደተሰበረበት ተረከ፤ ከዚያ ስለ በቅሎው ብዙ አወራ።

መልስ 13 ብዙ ሰው አናደደ። ጽሑፉ ግን በጥንቃቄ የተጻፈ ነው። በማላዊ ከ10,000 በላይ ልጆች የተካተቱበት ጥናት፣ የተሻሻለ ምድጃ የተሰጣቸው ቤተሰቦች ልጆች ላይ የሳንባ ምች መቀነስ አላሳየም። በፈረንጆቹ 2011 የወጣው የጓቲማላ ጥናት የጭስ ማውጫ ባለው ምድጃ ከባዱ ሳንባ ምች እንደቀነሰ ቢያሳይም በአጠቃላዩ ላይ ግልጽ ለውጥ አላገኘም። በጓቲማላ፣ በሕንድ፣ በፔሩና በሩዋንዳ ተሠርቶ በፈረንጆቹ 2024 የወጣው ደግሞ ጋዝ ሰጥቶ ጭሱን ቀነሰ፤ የጨቅላዎቹ ከባድ ሳንባ ምች ግን አልቀነሰም። ከዚህ ተነስቶ ምድጃ ላይ ገንዘብ ማፍሰስ ከንቱ ነው ብሎ ደመደመ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ጥናቶቹ እውነት ናቸው፤ መደምደሚያው ግን አይከተልም። የማላዊዎቹ ልጆች ጭስ የሚያገኛቸው ከምድጃው ብቻ አልነበረም፤ ከጎረቤት፣ ከሚቃጠል ቆሻሻም ነበር። ነርሷም በመልስ 14 ይህንኑ ነው ያነሳችው። የዓለም ጤና ድርጅት ለ24 ሰዓት የሚፈቅደው በአንድ ሜትር ኪዩብ አየር ከነዚያ ጥቃቅን ብናኞች 15 ማይክሮግራም ነው። ኩበት የሚነድበት ዝግ ቤት መቶዎችን ያልፋል። ከዚያ ላይ ግማሹን ብትቀንስ የቀረው አሁንም ከልኩ እጅግ የራቀ ነው። ክትባትና ምግብም አብረው ይወስናሉ። እኔ ከጥናቶቹ የተረዳሁት ትንሽ ጥገና እንደማይበቃ ነው። ጭስ አይጎዳም የሚል ግን አንዳቸውም ላይ የለም።

ከመልስ 15 እስከ 18

ወሬው ወደ መብራት ሄደ። አንዱ የሕዳሴ ግድብ በጳጉሜ 2017 ከተመረቀ በኋላ ኩበት ማንደድ ምክንያት እንደሌለው ጻፈ። ሌላው ሽቦው በራሳቸው ላይ አልፎ እንደሚሄድና ቀበሌያቸው ግን ጨለማ እንደሆነ መለሰለት። ከኮምቦልቻ የጻፈች ሴት ሊጡ ምጣድ ላይ እያለ መብራት ሲጠፋ የሚሰማትን በምሬት ገለጸች። ከዚያ ስለ ቆጣሪ፣ ስለ ትራንስፎርመር፣ ስለ ማን መቼ ምን ቃል እንደገባ ተጣሉ። ከዚህ ሁሉ አንድ ቁም ነገር ወጣ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይፈልጋል፤ ገጠር ያለችው ትንሽ ሶላር ይህን አትችልም። ኩራዝን ግን አስቀርታለች። የኩራዝ ጭስ የሚቀረው ሕፃኑ አፍንጫ ሥር ስለነበር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ከመልስ 19 እስከ 21

መልስ 19 ዕጣንና ሰንደል አነሳ። ሕፃን ባለበት ቤት ቡና በተፈላ ቁጥር ዕጣን ማጨስ፣ በወዳጃ፣ ማለትም ተሰብስቦ ዱዓ በሚደረግበት ሌሊት ደግሞ በር ዘግቶ እስከ ንጋት ማጠን ልጁን እንደሚጎዳ ጻፈ። ሐሳቡ ትክክል ነበር። አጻጻፉ ግን ሰው አስቀየመ። መልስ 20 ተቆጣ፤ ወሎ ላይ ቁጭ ብሎ ዱዓን መንካት ምን የሚሉት ድፍረት ነው የሚል ስሜት ነበረው። የውይይቱ ክር የሚዘጋ መስሎኝ ነበር።

ያዳኑን የመልስ 21 እናት ናቸው። ቤታቸው ወዳጃ የሚቀመጥበት ነው። ሕፃን ያለ እንደሆነ ማጨሻውን በሩ አጠገብ እንደሚያደርጉት፣ ልጁን ከእናቱ ጋር ወደ ሌላው ክፍል እንደሚያስገቡ፣ ዱዓው በዚህ ምክንያት ቀርቶ እንደማያውቅ ጻፉ። ጎረቤታቸው ክርስቲያን እንደሆነችና ማጨሻዋን ወደ በሩ ማራቅ ከሳቸው እንዳየች አከሉ። የሚያከብሩትን ነገር የሚያስተካክለው ራሱ የሚያከብረው ሰው ሲሆን ሰው ይሰማል። ሁለቱም ተከራካሪዎች ከዚያ በኋላ ዝም አሉ።

መልስ 22

አጭር ናት፤ ግን አሳሰበችኝ። ስለ አራስ ቤት ነው። በሩ ተዘግቶ፣ እሳቱ እየነደደ፣ ገንፎው እየተገነፋ፣ ጠያቂው እየገባ እየወጣ ጨቅላው የመጀመሪያ ሳምንታቱን እዚያ ያሳልፋል። አራሷ መሞቅ አለባት፣ እሱ አያከራክርም። የሚነደው ግን ሌላ ቤት ነድዶ፣ እሷና ልጇ በልብስ ቢሞቁ ምን ይጎድላል?

ከመልስ 23 እስከ 27

እዚህ ጦርነት ተነሳ። መልስ 23 ጥፋቱ የእናቶች ነው አለ። ልጁን ለአያቱ ትቶ መጋገር እየተቻለ አዝሎ ጭስ ውስጥ መግባት ግዴለሽነት ነው የሚል አቋም ነበረው። ሦስት ሴቶች ተከታትለው ገቡበት። አንዷ አያት የሌለበትን ቤት አስታወሰችው። ሌላዋ መሬት ላይ የተተወ ልጅ እሳት ውስጥ ሲገባ ያየችውን ጻፈች።

የለጋምቦዋ ሴት መልስ 26 ግን ከሁሉም ትበልጣለች። በጓ ሲሸጥ ለቤቱ ፊት ቆርቆሮ ተገዛ። በሬው ሲሸጥ ስልክ ተገዛ። ማጀቱ መስኮት እንዲወጣለት የጠየቀችው የመጀመሪያ ልጇ ጡት ሳይጥል ነበር። አሁን ሦስተኛዋን እያጠባች ነው። መስኮት ብር እንኳ አይጠይቅም፤ ግድግዳው ጭቃ ነው። የሚጠይቀው የባልየውን ግማሽ ቀን ነው። ይህን ካነበብኩ በኋላ የመነሻ ጽሑፌን ተመልሼ ማብራራት አላስፈለገኝም። መልስ 27 የሐይቋን እናት ሁለት ቆርቆሮ አስታውሶ፣ ወንዶች ሁሉ ጠላ ቤት የሚተዉትን እንዲያስቡት ጻፈ። መልስ 23 አልተመለሰም።

መልስ 28 እና 29

ከመንገድ የወጣ ምክር መጣ። መልስ 28 ለሚያስል ልጅ እንጥሉን ማስቆረጥ ፍቱን ነው ብሎ ጻፈ፤ ለጨቅላም ማር በጤና አዳም እንዲላስ አዘዘ። የነርሷ መልስ 29 የክሩ ቁጡው ነው፤ ሙሉ በሙሉ ከጎኗ ነኝ። እንጥል መቁረጥ ሳል አያድንም። ደም ያፈሳል፣ ያመረቅዛል፣ ቴታነስ ያስይዛል፣ ልጅ ይገድላል። ማርም አንድ ዓመት ላልሞላው ልጅ አይሰጥም።

ከዚያ ማንም እናት ቤቷ ልታደርገው የምትችለውን አስተማረችን። ልጁ ሳያለቅስና ሳይጠባ፣ ረጋ ባለበት፣ ደረቱን ገልጦ አንድ ሙሉ ደቂቃ ትንፋሹን መቁጠር። ሁለት ወር ያልሞላው 60ና ከዚያ በላይ፣ ከሁለት ወር እስከ አንድ ዓመት ያለው 50ና ከዚያ በላይ፣ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ያለው 40ና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ ፈጣን ነው፤ ጤና ኬላ ይወሰድ። ወደ ውስጥ ሲተነፍስ ከጎድን አጥንቱ በታች የሚሰረጉድ፣ መጥባት ወይም መጠጣት ያቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ የሚያስመልስ፣ የሚንቀጠቀጥ ወይም አልነቃ ያለ ልጅ ግን ለነገ አይባልም። ሁለት ወር ያልሞላውም እንዲሁ። የሳንባ ምች መድኃኒቱ አሞክሲሲሊን ጤና ኬላም የሚሰጥ ነው። ዋናውን ባክቴሪያ የሚከላከለው የኒሞኮካል ክትባት ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ አገራችን ውስጥ አለ፤ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት ይሰጣል። የኩፍኙም አይረሳ።

ከመልስ 30 በኋላ

መልስ 30 ከኩታበር ነው፤ በጣም የወደድኩት ሐሳብ የሱ ነው። ቅሬያችን ሰው ሲሞት ድንኳን ይተክላል፣ እንጨት ይፈልጣል፣ ንፍሮ ይቀቅላል። ያው ቅሬ ሕፃን ለተወለደበት ቤት የተለየ ማድ ቤት ለምን አይሠራም ብሎ ጠየቀ። እያንዳንዱ አባል አንድ የባህር ዛፍ እንጨትና አንድ የደቦ ቀን ያዋጣል። ጭቃውም ጭዱም እዚያው ነው። ቆርቆሮውን ቅሬው ከሣጥኑ ይገዛል። ለሐይቋም ለለጋምቦዋም የሚደርስ ይህ ነው። የሚቀጥለው የቅሬ ስብሰባ ላይ እንደሚያነሳው ቃል ገባ። ሌሎችም በየሠፈራቸው ቢያነሱት ብዬ እለምናለሁ።

መልስ 31 ተጠራጠረ፤ የቅሬ ገንዘብ ለሐዘን እንጂ ለሌላ እንደማይነካ ሕጉ ይከለክላል ብሎ አሰበ። መልስ 32 ሕጉን የጻፉት አባላቱ መሆናቸውን አስታወሰው።

መልስ 33 ግንበኛ ነው፤ ክርክሩን ትቶ ወደ ሥራው ገባ። አንድ ቀዳዳ ጭስ አያስወጣም፣ ሁለት ያስፈልጋል፤ ትይዩ፣ ከክዳኑ ሥር፣ ከፍ ብለው። ማድ ቤቱ የተለየ ቤት መሆን ካልቻለ በመኝታውና በምድጃው መካከል ያለው ግድግዳ ክዳኑን መንካት አለበት። በሰው ቁመት ላይ ከቀረ ጭሱ ከላይ ዞሮ አልጋው ላይ ይወርዳል። እንጨቱ ደረቅ ይሁን፤ እርጥብ ኩበት ከሁሉም ይብሳል።

የለጋምቦዋ ሴት በመልስ 34 ተመልሳ ጠየቀችው። ግድግዳቸው የቆመው ከክዳኑ አንድ ክንድ ዝቅ ብሎ ነው፤ ያንን ሙሉ በሙሉ መድፈን ይሻላል ወይስ መጀመሪያ በውጭው ግድግዳ ላይ ቀዳዳዎቹን ማውጣት? ግንበኛው ቀዳዳዎቹ እንዲቀድሙ መከራት፤ አለዚያ በምድጃው በኩል የምትቆመው እሷ ራሷ ትታፈናለች። ግድግዳው ቀጥሎ ይደርሳል። ባልየው በስልክ እንዲያነጋግረው ቁጥሩን በውስጥ መስመር ልኮላታል።